ከጃፓን የመጣ ፋሚኮም፣ ከአሜሪካ የመጣ ካሴት፣ አዳማ ላይ አልተግባቡም

ፍራንኮ_ሰፈር፦

ሰላም ጀለሶች፣ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። አጎቴ ድሮ ለስልጠና ጃፓን ሄዶ ሲመለስ ይዞት የመጣ ቀይና ነጭ የኒንቴንዶ ማሽን ነበረው፣ ፋሚኮም ሚባለው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ቁምሳጥን ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ኖሮ ባለፈው ቤት ሊያስቀባ ዕቃ ሲያወርድ «ና ውሰደው፣ እንዲህ አይነት ኮተት ምትወደው አንተ ነህ» ብሎ ሰጠኝ። ንፁህ ነው፣ ካርቶኑ ሁላ አለ። ጆይስቲኮቹ ከማሽኑ አይነቀሉም፣ ገመዳቸውም አጭር ነው፣ ቲቪው ስር ቁጢጥ ብለህ ነው ምትጫወተው። ሁለተኛው ጆይስቲክ ደሞ ስታርት የለውም፣ በሱ ፋንታ ማይክ አለው፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አሁን ግራ የገባኝ ነገር፣ የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ስትመጣ የድሮ ኒንቴንዶ ካሴት ካገኘሽ ብያት ሦስት ግራጫ ካሴት አመጣችልኝ፣ አንዱ ኮንትራ ነው፣ ሳየው ልጅነቴ ሁላ ነው የመጣብኝ። ግን ካሴቱ መጽሐፍ ያክላል፣ የፋሚኮሙ አፍ ላይ ጭራሽ ሚገባ አደለም። ሁለቱም ኒንቴንዶ አይደሉም እንዴ? ከዛ ደሞ የባሰው፣ ልጅ እያለን ከመርካቶ ተገዝቶ በመጣ ቪዲዮ ጌም ምንጫወትባት አንዲት ቢጫ ካሴት እናቴ ቤት ቀርታ ነበር፣ ላዩዋ ላይ 9999 ጌም አለው ምትለዋ ውሸታም ታውቋታላችሁ፣ እስቲ ብዬ ስሞክራት ልክክ ብላ ገባች! የጃፓን ኦሪጅናል የመርካቶዋን ተቀብሎ የአሜሪካ ኦሪጅናሉን አልቀበልም ይላል፣ ምን ጉድ ነው።

ቲቪውም እንደዛው ነው። ማሽኑ ጀርባ ላይ ቢጫ ነጭ ቀይ ሚባል ነገር የለም፣ የአንቴና ገመድ ብቻ ነው። ቤት ያለው ፍላት ላይ ሰክቼ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰርች ሳደርግ ነበር፣ ሽሽሽሽ ብቻ። ወንድሜ የጎረቤት ወፍራሙን ቲቪ ተሸክሞ አመጣ፣ እሱም ላይ ያው። አዳፕተሩን ዲቫይደር ላይ ሰክቼ ነው የከፈትኩት፣ መጀመሪያ ትንሽ የሆነ ሽታ ነበረው ግን ስንት ዓመት ስለተቀመጠ አቧራው ነው ብለን መስኮት ከፈትን። ችግሩ የቲቪው ነው፣ የካሴቱ ነው፣ ወይስ ማሽኑ የሌላ ሀገር ስለሆነ ነው? በናታችሁ ሚያውቅ ሰው።

ጆተኒ_ንጉሥ፦

9999 ጌም ሃሃሃሃ፣ ከአስረኛው በኋላ ያው ማሪዮ ነው፣ መሬቱ ላይ ጀምሮ ሚመጣው ማሪዮ፣ ደመናው ላይ ጀምሮ ሚመጣው ማሪዮ። ምረዳህ ነገር የለኝም ናፍቆት ነው ያስገባኝ። ኮንትራውን ምትሸጥ ከሆነ ግን አለሁ።

ሐይቅ_ዳር፦

ወንድሜ ካሴቱንም ቲቪውንም ለጊዜው ተወውና ወደ ሽታው እንመለስ። እኔ ሀዋሳ ነኝ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ስምንት ዓመት ይዤ ነበር፣ ያንን ሽታ አውቀዋለሁ።

የጃፓን ግድግዳ 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220። አዳፕተሩን ገልብጠህ እየው፣ ኢንፑት 100 ቮልት ይላል። ቀጥታ ዲቫይደር ላይ ከሰካኸው የሸተተህ አቧራ አደለም፣ የትራንስፎርመሩ ጥቅል ሽቦ ነው። ማለትም ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰርች ስታደርግለት የዋልከው ያልበራ ማሽን ነው። አልፈርድብህም፣ ይሄ ማሽን መብራቱን ሚያሳይ አምፖል የለውም፣ ቀይ ነጥብ ምናምን አልሠሩለትም፣ በርቶም ጠፍቶም መልኩ አንድ ነው፣ ቲቪ ላይ ምስል ካላየህ በቀር በምንም አታውቅም።

አዲስ አዳፕተር ልግዛ ብለህ ደሞ እንዳትቸኩል አደራ። ሚፈልገው 10 ቮልት ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሚሄደው) 850 ሚሊ አምፒር ነው፣ ሆዱ ውስጥ ራሱ ወደ 5 ቮልት ስለሚያወርደው 9 ቮልትም ይበቃዋል፣ ዋናው ነገር የጫፉ መሃል ነጌቲቭ ዙሪያው ፖዘቲቭ መሆኑ ነው። ሱቅ ላይ ምታገኘው ለራውተር ለካሜራ ሚሆነው አብዛኛው ተገላቢጦሽ ነው፣ መሃሉ ፖዘቲቭ። ሲሰካ ልክ ይገባል፣ ስለገባ ግን ልክ ነው ማለት አደለም። የአክስትህን ልጅ የአሜሪካውን የኒንቴንዶ አዳፕተር ላኪልኝ እንዳትላት ደሞ፣ እሱ 9 ቮልት ኤሲ (እንደ ግድግዳው አቅጣጫውን ሚቀያይረው) ነው ሚያወጣው፣ የአሜሪካው ማሽን ኤሲውን ወደ ዲሲ ሚቀይርበት ነገር ውስጡ አለው፣ ያንተ የለውም። ጫፉ ይገባል፣ ስሙም ኒንቴንዶ ይላል፣ ማሽኑን ግን ይገድልልሃል።

ፍራንኮ_ሰፈር፦

አቦ ጉድ ሆኛለሁ። ገልብጬ አየሁት፣ እውነትም 100 ቮልት ነው ሚለው፣ አንዱ ጎኑ ትንሽ አብጧል፣ ሽታው አሁንም አልጠፋም። ወንድሜ «እኔ ብያለሁ» እያለኝ ነው፣ ምንም አላለም እኮ፣ መስኮቱን የከፈተው ራሱ እሱ ነው።

ትናንት ደሞ ያልነገርኳችሁ አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ነበር፣ ሰውየው ካቻቢቴ ሳያነሳ ማሽኑን እንደ ሐብሐብ መታ መታ አደረገና «ቦርዱ ሞቷል» ብሎ የማያ ብሎ 200 ብር ተቀበለኝ። አዳፕተሩን ቀና ብሎ አላየውም። አሁን ተስፋ አለው ትላለህ?

ቦኩ_ላይ፦

እኔ እንደሚገባኝ አዳፕተሩ ቢገኝም ትርፉ ድካም ነው። የጃፓን መብራት 60 ኸርዝ ነው የኛ 50፣ ስለዚህ ጌሙ እየተጎተተ ነው ሚሄደው። የልጅነታችን ማሽንም ቀርፋፋ የነበረው በዚህ ነው፣ የአጎቴ ልጅ አሜሪካ ያየው ማሪዮ እኛ ጋ ካለው ሚፈጥን ነበር።

ሐይቅ_ዳር፦

ቦኩ ላይ፣ የአጎትህ ልጅ ያየው ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን እሱ አደለም። ጃፓን ራሷ ሁለት ቦታ ናት፣ ቶኪዮ በኩል መብራቱ 50 ኸርዝ ነው ኦሳካ በኩል 60፣ ፋሚኮም ግን ሁለቱም ጋ እኩል ነው ሚሄደው። አዳፕተሩ አንዴ ዲሲ ካደረገው የግድግዳው ኸርዝ እዛው ግድግዳው ላይ ቀረ። ፍጥነቱን ሚወስነው ቦርዱ ላይ ያለው ክሪስታል ነው።

50 እና 60 ምትለው ቁጥር የቲቪው ነው። የድሮው ቲቪ ጃፓንና አሜሪካ ኤንቲኤስሲ ሚባለው አሠራር ነበር፣ ባለ 525 መስመር፣ ስክሪኑን በሰከንድ 60 ጊዜ ሚስለው፣ አብዛኛው አውሮፓና እኛ ፓል ሚባለው ነበር፣ ባለ 625 መስመር፣ 50 ጊዜ ሚስለው። የድሮ ጌም ሰዓት አይቆጥርም፣ ስክሪኑ አንዴ በተሳለ ቁጥር ነው አንድ እርምጃ ሚራመደው፣ ሙዚቃውም እንደዛው። ለ60 የተጻፈን ጌም 50 ጊዜ በሚስል ማሽን ላይ ስታስኬደው ከስድስት እርምጃ አንዷን እየበላብህ ነው ሚሄደው። ከመርካቶ የመጣው የኛ ማሽን ለፓል ቲቪ ተብሎ የተሠራ ቅጂ ስለነበረ ነው ማሪዮ ጭቃ ላይ እንደሚሮጥ ይሮጥ የነበረው። እኛ ደሞ ሌላ ስላላየን ልኩ እሱ ነው ብለን አደግን።

ፍራንኮ፣ ተስፋውን ሰውየው ካቻቢቴ ሲያነሳ እናውራ። አዳፕተሩ ቀድሞ ከተቃጠለ ማሽኑ ሊተርፍ ይችላል፣ ማወቂያው ትክክለኛ ኃይል ሰጥቶ ማየት ብቻ ነው። እኔ ጋ የአውሮፓ ሜጋ ድራይቭ አለ፣ የሴጋው ማሽን፣ የመጀመሪያው ትልቁ ሞዴል፣ የሱ አዳፕተር ለኛ ግድግዳ ሚሆን ነው፣ ጫፉም መሃሉ ነጌቲቭ ነው፣ ፋሚኮም ላይ ይሠራል። ማክሰኞ የእህቴ ባል ወደ አዳማ ይመጣል እልክልሃለሁ፣ ከሞከርክ በኋላ ግን ይመለስልኝ፣ ሌላ የለኝም።

አሁን ወደ ካሴቱ። ፋሚኮም በፈረንጆቹ 1983 ጃፓን ሲወጣ የካሴቱ ጥርስ (ማሽኑን ሚነኩት የብረት መስመሮች) 60 ነበር። ኒንቴንዶ በ1985 አሜሪካ ሲገባ ማሽኑን አሻንጉሊት እንዳይመስል ብሎ እንደ ዴክ ካሴቱን ከፊት ሚውጥ ግራጫ ሳጥን አደረገው፣ ጥርሱንም 72 አደረሰው። ከተጨመሩት ውስጥ አራቱ ለቁልፍ ናቸው። ማሽኑ ውስጥ አንድ ትንሽ ቺፕ አለች፣ ካሴቱ ውስጥም እህቷ አለች፣ ሲበራ ሁለቱ ይጠያየቃሉ፣ ካልተግባቡ ማሽኑ ራሱን በየሰከንዱ ሪሴት ያደርጋል፣ አሜሪካ ያደጉ ልጆች ቀይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል እያሉ ሚያማርሩት እሱ ነው። እርግጥ ጥርሱ ሲቆሽሽም ቺፖቹ መነጋገር አቅቷቸው ያው ብልጭታ ይመጣል። የአውሮፓው ቁልፍ ደሞ ሌላ ነው፣ ስለዚህ የአሜሪካና የአውሮፓ ካሴት መልካቸው አንድ ሆኖ አንዱ የሌላው ማሽን ላይ አይነሳም።

ያንተ ፋሚኮም ላይ ግን ይሄ ዘበኛ ጭራሽ የለም። ማን ነህ ከየት መጣህ አይልም። ለዛ ነው የመርካቶዋ ቢጫ ሰተት ብላ የገባችው፣ ልጅ ሆነን ያደግንበት ማሽን የፋሚኮም ቅጂ ነው፣ ባለ 60 ጥርስ፣ ሁላችንም ሳናውቀው በጃፓን ካሴት ነው ያደግነው። ስለዚህ ከሁለቱ የተሻለው ነው የደረሰህ፣ የአሜሪካ ካሴት ፋሚኮም ላይ ለማጫወት ከ72 ወደ 60 ሚያገናኝ መሸጋገሪያ ብቻ ነው ሚያስፈልግህ፣ ውስጡ ሽቦ ከሽቦ ነው ሌላ ነገር የለውም። በተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ፣ የጃፓን ካሴት አሜሪካ ማሽን ላይ፣ መሸጋገሪያው ውስጥ የቁልፍ ቺፗም መኖር ነበረባት። የሚገርምህ መጀመሪያ አካባቢ አሜሪካ ከተሸጡት ካሴቶች አንዳንዶቹ ውስጥ ኒንቴንዶ ራሱ የጃፓኑን ቦርድ በመሸጋገሪያ ሰክቶ ነው ያሸጋቸው፣ ሰው ያንን ስላወቀ ካሴቱን የሚገዛው ለጌሙ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ላለው መሸጋገሪያ ነበር።

ፍራንኮ_ሰፈር፦

ወንድሜ ምን ብዬ ላመስግንህ። የአሜሪካውን አንዱን ካሴት ትናንት ማታ ከፈትኩት (ብሎኑ የተለመደው አደለም፣ ስድስት ጎን ምናምን አይነት ነው፣ የቢክ እስክሪብቶ ቂጥ በላይተር አቅልጬ ብሎኑ ላይ ተጭኜ እስኪደርቅ ጠብቄ እንደ ቁልፍ አዞርኩት) እና ያ ሁሉ ግዙፍ ላስቲክ ባዶ ነው! ቦርዱ ታች ትንሽ ቦታ ይዞ ነው የተቀመጠው፣ ከላይ ያለው አየር ነው። ትንሿ ቺፕ ላይ 3193 ይላል፣ ቁልፏ እሷ ናት ማለት ነው?

ሐይቅ_ዳር፦

እሷ ናት። ፋሚኮም ላይ ሥራ ፈት ሆና ትቀመጣለች።

ሞቢል_ጋር፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ፣ እኔ ጋ የአሜሪካ ሱፐር ኒንቴንዶ አለ፣ የጃፓን ካሴት ግን በርካሽ እያገኘሁ ነው፣ ለሱም መሸጋገሪያ ይገዛል?

ሐይቅ_ዳር፦

ለሱ ፒንሳ ይበቃሃል። የአሜሪካና የጃፓን ሱፐር ኒንቴንዶ ቁልፋቸው አንድ ነው፣ ካሴቱን ሚከለክለው አፉ ውስጥ ያሉ ሁለት የላስቲክ ጥርሶች ብቻ ናቸው። ቀስ ብለህ ትሰብራቸዋለህ አለቀ። የአውሮፓው ነው ተንኮለኛው፣ ካሴቱ ከጃፓኑ ጋር አንድ ቅርፅ ነው ሰተት ብሎ ይገባል፣ ቁልፉ ግን ሌላ ስለሆነ ገብቶም አይነሳም። ሜጋ ድራይቭ ላይ ደሞ የመጀመሪያዎቹ ጌሞች ምንም አይጠይቁም የካሴቱ ቅርፅ ነው ችግሩ፣ በኋላ የወጡት ግን ጌሙ ራሱ የየት ሀገር ማሽን ላይ እንዳለ አንብቦ አልሠራም ይልሃል። ፕሌይስቴሽን ቤት ሳለሁ በሲዲው ያየሁትን አበሳማ ባልነግርህ ይሻላል፣ አንዱ ማሽን ከዱባይ አንዱ ከአሜሪካ፣ የየትም ሀገር ሲዲ ሚያስነብበው ቺፕ ያልገባለት ሲመጣ ደንበኛ ፊት ነው ምታፍረው። ጣጣ የሌለው ጌምቦይ ነው፣ ስክሪኑ ራሱ ላይ ስለሆነ ፓል ኤንቲኤስሲ የለ፣ ቁልፍ የለ፣ የትም የተገዛ ካሴት የትም ይሠራል።

የዴክ_ልጅ፦

ሰላም፣ እኔም አዳማ ነኝ፣ አባቴ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረው ስለዚህ የገመድ ነገር በደሜ ውስጥ ነው። ቲቪውን ማንም አልመለሰለትም እኮ፣ አዳፕተሩ ቢስተካከል ራሱ ሰርች እያደረገ ነው ሚያድረው።

ፍራንኮ ስማኝ፣ ያ የአንቴና ገመድ ምስሉን ሚልከው በጃፓን ቻናል 1 ወይም 2 ነው፣ ጀርባው ላይ ምትገፋ ማብሪያ አለች ምትመርጥበት። እነዛ ቻናሎች 91 እና 97 ሜጋኸርዝ ላይ ናቸው፣ ያ እኛ ጋ የኤፍኤም ራዲዮ ሰፈር ነው። የኛ ቲቪ ብዙው እዛ መንደር ቻናል ፍለጋ አይሄድም። ቢያገኘው ራሱ የኛ ቲቪ ድምፁን ከምስሉ 5.5 ሜጋኸርዝ ራቅ ብሎ ነው ሚጠብቀው፣ ጃፓን ሚልከው 4.5 ላይ ነው፣ ስለዚህ ምስሉ ሊመጣልህ ይችላል ድምፁ አይመጣም፣ ቀለሙንም ፓል ብቻ ሚያውቅ ቲቪ ጥቁርና ነጭ ያደርግብሃል።

መፍትሔው አንድም ከፍቶ የኤቪ መውጫ (የቢጫ ነጩን) መበየድ ነው፣ የአጎትህ ዕቃ ስለሆነ እኔ አልመክርህም። ሁለተኛው፣ አባቴ ጋ ከአሜሪካ የመጣ ዴክ አለ። የአሜሪካ ዴክ ቻናሉን ኬብል ላይ ካደረግኸው 95 ቁጥር ልክ የጃፓን 1 ያለበት ቦታ ነው፣ 96 ደሞ 2። የድምፁም ርቀት ከጃፓን ጋር አንድ ነው። ፋሚኮሙን ዴኩ ላይ ትሰካለህ፣ ከዴኩ በቢጫውና በነጩ ወደ ፍላቱ፣ አብዛኛው ፍላት በቢጫው በኩል ኤንቲኤስሲ ይቀበላል። ዴኩ ግን 120 ቮልት ነው፣ ትራንስፎርመሩን ከነዴኩ ነው ይዤ ምመጣው፣ ሰምተሃል? ካንተ ዲቫይደር አርቄ።

ፍራንኮ_ሰፈር፦

እህቴ ተባረኪ። የዲቫይደሩ ነገር እንግዲህ እስከ ዕድሜ ልኬ ሚከተለኝ ነው።

ጆተኒ_ንጉሥ፦

ካሴቱን ከማስገባትህ በፊት ጥርሱን በአረቄ ጥረገው፣ ኡፍ እያልክ አትንፋበት እሱ ቀረ።

ሐይቅ_ዳር፦

ኡፍ ያልከው ልክ ነው፣ ትንፋሽ እርጥበት ነው ጥርሱን ያዝገዋል። አረቄውን ግን ለራስህ ጠጣው፣ ውሃ አለበት። የፋርማሲ አልኮል፣ ጠንከር ያለው፣ በጆሮ ጥጥ፣ ከዛ እስኪደርቅ ጠብቅ። ጥጡ ጥቁር ሆኖ መውጣቱን እስኪያቆም ትደጋግመዋለህ።

ፍራንኮ_ሰፈር፦

ሠራ! ሠራ! ሠራ!

ትናንት የሀዋሳው አዳፕተር ደረሰ፣ የዴክ ልጅም ዴኩን በባጃጅ ይዛ መጣች ከነአባቷ፣ ሰውየው ዴኩን ለሰው አልሰጥም ብለው ራሳቸው ነው የሰኩት። ኃይሉን ስንሰጠው ማሽኑ እንዳልከው ድምፅም መብራትም የለውም፣ ጋሼ ዴኩን 95 ላይ አደረጉት፣ ሽሽሽሽ፣ ልቤ ወደቀ፣ ከዛ 96 ሲያደርጉት ፍላቱ ላይ ግራጫ ነገር መጣ፣ ማሽኑ ውስጥ የነበረውን የጃፓን ካሴት አውጥቼ በአልኮል ጠርጌ (ጥጡ እንደ ከሰል ነው የወጣው) መልሼ ከተትኩትና ቀለሙ ሁላ ቦግ አለ። ጀርባው ላይ ያለችው ማብሪያ 2 ላይ ነበረች ለካ። ሰርች ሳደርግ የዋልኩት ሁለት ሰዓት አሁን ነው የቆጨኝ።

ከዛ የመርካቶዋን ቢጫ አስገባናት። ማሪዮ። ወንድሜ ሙዚቃው ገና ሲጀምር «ኧረ ፈጠነ፣ ተበላሽቷል» አለ፣ እኔም መሰለኝ፣ ከዛ ሐይቅ ዳር ያልከው ትዝ አለኝ። እኛ ዕድሜ ልካችንን ቀርፋፋውን ነው ምናውቀው። ለመጀመሪያዋ ጉድጓድ መዝለያው ሰዓት ራሱ እጃችን ላይ ያለው የድሮው ስለሆነ ሁለታችንም ተራ በተራ ገባንባት፣ ሦስቴ አራቴ፣ ጋሼ ሳቁብን፣ «እናንተ ልጆች ሳላችሁ ይሻላችሁ ነበር» አሉ። ኮንትራው መሸጋገሪያው እስኪመጣ ይቆያል፣ የአክስቴ ልጅ ታዝዟል ብላለች። ጆተኒ አልሸጥም ተስፋህን ቁረጥ።

አዳፕተሩ ቅዳሜ ወደ ሀዋሳ በሚሄድ ሰው ይመለስልሃል፣ ትንሽ ነገር አብሮት አለ እምቢ እንዳትል። እና ማይኩ ይሠራል፣ ወንድሜ የሁለተኛውን ጆይስቲክ አፉ ላይ አድርጎ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አዳማ» ሲል በቲቪው ወጣ፣ አሁን ሌሊት ስድስት ሰዓት ነው እሱ ገና እያወራበት ነው።